ምድር ባቡሩ ቡናው ካለበት ደጋ ለምን አልወጣም?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አያቴ ከሐረርጌው የጨርጨር ደጋ ቡና በአህያ ጭነው እስከ ሚኤሶ ጣቢያ ይወርዱ ነበር ይባላል። የጅቡቲው ምድር ባቡር የእርሻ አገር ምርት ለማውጣት ከተሠራ፣ ቡናው ካለበት ደጋ ለምን አልወጣም? ሐረርንስ ለምን ዘለላት? በኋላስ ሥራው ለምን ሞተ?»

አያትዎ የሄዱበት የአህያ መንገድ የዚህን መስመር ታሪክ ከተፈረሙት ውሎች የበለጠ ይናገራል። ባቡሩ ወደ እርሻው አልወጣም፤ እርሻው ነው ወደ ባቡሩ የወረደው። ማን ተጠቅሞ ማን እንደቀረም የወሰነው በማሳውና በጣቢያው መካከል ያለው ርቀት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ወረቀቱ ላይ ሲታይማ የእርሻ አገር ባቡር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ በሦስት ክፍል ታስቦ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሐረርም ከፋም የቡና አገር ናቸው። ከሦስቱ ግን በተጻፈው መሠረት የተሠራ አንድም የለም። ሦስተኛው ጭራሽ አልተጀመረም፤ የመጀመሪያው ሐረር ሳይገባ ቆላው ላይ ቀረ።

ያስቀረው ዳገቱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ሐረር ለመግባት መጀመሪያ የደንገጎን አፋፍ መውጣት ግድ ነው፤ አፋፉ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ማለትም 800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለ ማረፊያ መወጣት አለበት። መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ይወጣዋል። ባቡር ግን የብረት ጎማው የሚረግጠው ብረት ስለሆነ ዳገት ላይ ቶሎ ይንሸራተታል። በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር የሚወጣ ዳገት (በሙያው አነጋገር 25 በሺህ) ለተራ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከባድ ነው፤ በዚያ ልክ እንኳ ቢሠራ 800 ሜትሩን ለመውጣት 32 ኪሎ ሜትር ያልተቋረጠ ዳገት ይጠይቃል። ኩርባው የሚጨምረው ሸክም ገና አልተቆጠረም።

ጭነቱ ላይ የሚያደርሰውን እንመልከት። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ አንድ ቶን ለመጎተት 5 ኪሎ ያህል የመሳብ ኃይል ይበቃል። 25 በሺህ ዳገት ላይ በእያንዳንዱ ቶን 25 ኪሎ ይጨመርና 30 ይሆናል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ሜዳ ላይ 600 ቶን የሚጎትት ሎኮሞቲቭ እዚህ 100 ቶን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ የገዛ ራሱ ክብደትም በዚያው 100 ውስጥ ነው። ጅቡቲ ላይ የተጫነውን አንድ ባቡር ሐረር ለማድረስ ድሬዳዋ ላይ ቢያንስ ለስድስት መቆራረጥ ይጠይቅ ነበር። ለዚያ ሁሉ ምልልስ የሚሆን ውሃና ማገዶ ደግሞ ዳገቱ ላይ የለም።

«የአስመራው ባቡር ወጥቶ የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የምጽዋ–አስመራ መስመር በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዳገቱ እስከ 35 በሺህ፣ ኩርባው እስከ 70 ሜትር ራዲየስ የሚጠብ ነው። አስመራ የደረሰው በ1911 ሲሆን የገንዘቡን ጉዳይ የተሸከመው የጣሊያን መንግሥት ነበር። የጅቡቲው መስመር የግል ኩባንያ ነበርና በየኪሎ ሜትሩ ያወጣውን ከጭነት ኪራይ መመለስ ነበረበት። ኩባንያው በ1897 ጅቡቲ ላይ ሥራ ሲጀምር በ1,000 ሚሊ ሜትር ስፋት ቀላል መስመር ዘረጋ፤ በብዙ ቦታ የተነጠፈው ሐዲድ በሜትር 20 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ነበር። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች በ20 ኪሎ ሲሰሉ 12,400 ቶን ብረት ይፈጃሉ፤ በ25 ኪሎ ቢሆን 15,500 ቶን ይሆናል። የ3,100 ቶን ብረት ወጪ ቀነሰ ማለት ነው። የዚያ ቁጠባ ዕዳ ኋላ በጥገና ተከፈለ፤ እንመለስበታለን።

ባቡሩ በታኅሣሥ 1902 ከደጋው ግርጌ ደረሰ። ጣቢያው የተተከለበት ባዶ ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ የጸናው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ኩባንያው እዚያው ገንዘብ አለቀበት። በ1906 ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን በሚመለከት በተዋዋሉት ስምምነት መስመሩ በፈረንሳይ በኩል ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ተባለ፤ በ1908 በአዲስ ፈቃድ አዲስ ኩባንያ ቆመ፤ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። የለገሀር ሕንፃ የተመረቀው ከዚያም ዘግይቶ በ1929 ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ጣቢያው ለማለት።

አሁን ካርታውን ከእርሻ አንጻር ያንብቡት። ከጅቡቲ ተነሥቶ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፤ ይህ ሁሉ የከብት አርቢ አገር ነው። ከድሬዳዋ ወዲህ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፤ እነዚህ በጨርጨር ሰንሰለት ግርጌ በግርጌ የተተከሉ ናቸው። ከዚያ መስመሩ ወደ አዋሽ ሸለቆ 900 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። የወጣውን ከፍታ ጥሎ እንደገና ከዜሮ የመውጣት ያህል ነው፤ መሐንዲሶቹ ወደው አይደለም፣ ሌላ ማለፊያ ስላልነበረ ነው። ከአዋሽ በመተሐራ፣ በወለንጪቲና በናዝሬት በኩል ይወጣና ሞጆ ይደርሳል። የታረሰ መሬት መሃል ለመሃል የሚያልፈው በተለይ ከሞጆ እስከ አዲስ አበባ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአድአ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር አገር። ከ784ቱ ውስጥ አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። ሞጆና ናዝሬት ደግሞ የአርሲንና የስምጥ ሸለቆን እህል የሚቀበሉ በር ሆኑ።

ስለዚህ የጣቢያው ዋጋ የሚለካው ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ነበር። ሚኤሶ 1,300 እና 1,400 ሜትር መካከል ናት፤ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) 1,800 ሜትር ገደማ፤ በመካከላቸው ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ50 እስከ 60 ኪሎ የጫነች አህያ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ብትራመድ፣ ማረፊያው ሲጨመር፣ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በጨርጨር ውስጥ ርቆ የሚኖር ሁለትና ሦስት ቀን ይጨምራል። አሁን በመጠን ያስቡት፦ 20 ቶን የሚይዝ አንድ ፉርጎ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 333 ያህል ይወስዳል። አንድ ፉርጎ ለመሙላት የ333 አህያ ሸክም፣ ወይም 200 ኪሎ የሚጭኑ 100 ግመሎች ያስፈልጋሉ። አምስት ስድስት ጆንያ ያለው ገበሬ ፉርጎ መከራየት አይችልም፤ ጣቢያው ደጃፍ መጋዘን ላለው ነጋዴ ይሸጣል። ከባቡሩ የተገኘው ትርፍ አብላጫው ጣቢያ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ነጋዴውም ያለ ምክንያት አይደለም የወሰደው፤ ቡናውን ሰብስቦ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ፣ ፉርጎ እስኪገኝ ድረስ ይጠብቃል።

የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ከነልጣጩ የሚደርቅ ጀንፈል ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ይመቻል፤ መጋዘን ውስጥ መቆየት ይችላል። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ እርጥበት ነው፦ ቡናው እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪሆን ካልደረቀ፣ በተዘጋ የብረት ፉርጎ ቀን ሲግል ያልበዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላቡ ከጣሪያው ላይ መልሶ ይንጠባጠባል፤ ጅቡቲ ሲደርስ የላይኞቹ ጆንያዎች ሻግተዋል። ሁለተኛው ሽታ ነው። ቡና ሽታ ይስባል። ቆዳና ሌጦም የዚሁ መስመር ትልቅ የወጪ ጭነት ነበር፤ ትናንት ቆዳ የጫነ ፉርጎ ሳይታጠብና ሳይናፈስ ቡና ከተጫነበት፣ ወይም ላምባ ሲያወጣ የከረመ ከሆነ፣ ጉዳቱ ዓይን አያየውም፤ ቀማሽ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የጭነት ሥራ የሚያውቅ ሰው በር ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫውን ያስገባል፣ ቀጥሎ ወለሉን በመዳፉ ይዳስሳል፣ ከዚያ ጆንያው ብረቱን እንዳይነካ ሰሌን ወይም ሣንቃ ያነጥፋል።

ጫት ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ከተቆረጠ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል። (ቡፌ ደ አዋሽ የምትታወቀው በዚሁ ነው።) በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ለነበረው መንገድ ሦስት ቀን ተአምር ነው፤ ለጫት ግን አይሆንም። ለጫት የሚያዋጣው ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለው ክፍል ብቻ ነበር፤ አውሮፕላንና ፈጣን መኪና ሲመጡ ከባቡሩ እጅ ቀድሞ ያመለጠውም እሱ ነው።

ወደ ላይ የሚመጣው ጭነት ጨው፣ አቡጀዴ፣ ላምባ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ማሽን ነበር። እዚህ ላይ ገበሬውን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ከባዱ ዕቃ ዳገቱን ይወጣል፣ ቀላሉ ቡናና ቆዳ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ለባቡር ከዚህ የከፋ አሰላለፍ የለም። ማገዶውና የሎኮሞቲቩ ጉልበት የሚያልቀው ሲወጣ ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ብዙ ፉርጎ ባዶውን ይመለሳል። ለዚያ ሁሉ የሚከፈለው በታሪፍ ነው። «ታሪፉ አንገት ያንቃል» የሚለው አቤቱታ የመስመሩን ያህል ያረጀ ሲሆን፣ የስግብግብነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ይመስለናል።

ወደ ቀላሉ ሐዲድ እንመለስ። ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙት በእንጨት ፋንታ የብረት አግዳሚዎች ነበሩ፤ እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል። ብረቱ ምስጥን አሸነፈ፣ ጨውን ግን አላሸነፈም፤ ጨዋማ አፈር ባለበት ከሥር እየተበላ ይሳሳል። ሐዲዱ በየመገጣጠሚያው በሁለት ጠፍጣፋ ብረት (ሳህን) እና በአራት ቡሎን ይያያዛል። አንዱ ሐዲድ 10 ሜትር ነው ብለን ብናሰላ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ብቻ 62,000 መገጣጠሚያ፣ ወደ 248,000 ቡሎን ይመጣል። እያንዳንዱ ባቡር ባለፈ ቁጥር ዳዶው ጥቂት ይላላል። ሥራው ይህ ነው፦ የጥገና ጓዱ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ እየዞረ ያጠብቃል፣ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጥሩ የታሰረ ይጮኻል፣ የላላ ይደነቁራል።

ማጥበቅም ልክ አለው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ 10 ሜትር ሐዲድ በ40 ዲግሪ ልዩነት 4.6 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። የአይሻ በረሃ ሌሊትና ቀን ለዚያ ልዩነት ሩቅ አይደለም፤ የፀሐይ ንዳድ የበላው ብረት ከአየሩ ይበልጥ ይግላል። በሐዲዶቹ ጫፍ መካከል ክፍተት ከሌለ፣ ወይም ቡሎኑ ዝጎ ሳህኑ ከሐዲዱ ጋር ከተጣበቀ፣ የረዘመው ብረት መሄጃ ያጣና ወደ ጎን ይጣመማል። እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንደ እባብ ታጥፎ ይገኛል። ስለዚህ ሳህኑ በየጊዜው ተፈትቶ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይታሰራል። ይህን ሥራ አንድ ዓመት መዝለል ይቻላል፤ በሦስተኛው ዓመት ባቡር ከሐዲድ መውጣት ይጀምራል።

ጎርፍ ሌላው ጠላት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ አሸዋማ ወንዝ፣ ደጋው ላይ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። በድልድሉ (ሐዲዱ በተነጠፈበት የአፈር ቁልል) ሥር ያለው የውሃ ማሳለፊያ ከጠበበ ወይም በቁጥቋጦ ከታፈነ ውሃው ያቁራል፣ ድልድሉን ይሻገርና ጠጠሩንና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ጠዋት ሲታይ ሐዲዱ አግዳሚዎቹን እንደያዘ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ጥገናው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው፤ አፈር ሙላ፣ ጠቅጥቅ፣ ጠጠር አልብስ። ማሳለፊያውን ሳያሰፉ ከሞሉት ግን በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ይመለሳሉ።

መተሐራ ላይ የደረሰው ግን ተራ ጎርፍ አይደለም። በሰቃ ሐይቅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፋ። የመስኖ ውሃ ስርገት አንዱ ምክንያት ነው የሚል ጥናት አለ፤ የከርሰ ምድሩን ፍል ውሃ የሚከስም አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሐዲዱም አስፋልቱም ሐይቅ መሃል ለመሃል በድልድል ላይ የሚሄዱ ሆኑ፤ ድልድሉ በየጊዜው ከፍ መደረግ ነበረበት፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ብረቱን ይበላል። እርሻና ባቡር በአንድ ሸለቆ ሲጎራበቱ አንዱ ሌላውን እንዲህም ይነካል። ዘመናዊ እርሻው ወደ መስመሩ አቅራቢያ የመጣው ከባቡሩ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ደግሞ ልብ ይባል፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ፣ መተሐራ ከዚያ ተከተለ።

ሥራው ለምን ሞተ ላሉት፣ ገዳዩ ገና ባቡሩ ጎልማሳ ሳለ ነው የተወለደው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከፈረንሳዮቹ ጅቡቲና ከባቡሩ ጥገኝነት ለመላቀቅ የአሰብን መንገድ ሠሩ። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነ፤ የጭነት መኪናም በዛ። መኪናው ባቡሩን የበለጠው በኪሎ ሜትር ዋጋ አልነበረም፤ በረጅም መንገድ ባቡር ይረክሳል። የበለጠው በማውረድና በመጫን ነው። የጭሮ ቡና በባቡር ሲሄድ ከአህያ ይወርዳል፣ ይመዘናል፣ መጋዘን ይገባል፣ ፉርጎ ላይ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ መርከብ ላይ ይጫናል። መኪና ግን መጋዘን ደጃፍ ድረስ መጥቶ አንዴ የጫነውን ወደብ ላይ ያወርዳል። በየማውረጃው የሚፈሰው ቡና፣ የሚሠረቀው፣ ለሸካሚ የሚከፈለው ሁሉ ሲደመር የባቡሩን ርካሽነት ይበላዋል።

የቀረውን በችኮላ እንለፈው። በ1959 ኩባንያው ኢትዮጵያና ፈረንሳይ እኩል የሚካፈሉት ሆነ። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሆነ። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የገባ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ 428 ሰዎች ሞቱ።

እውነተኛው ፈተና ግን 1998 ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ለ30 ዓመት ሲጠብቀው የነበረ ዕድል ደጃፉ ላይ መጣ፤ ሊቀበለው አልቻለም። በሜትር 20 እና 25 ኪሎ የሚመዝን ያረጀ ሐዲድ ከባድ ሎኮሞቲቭ አይሸከምም፤ ቀላል ሎኮሞቲቭ ብዙ ፉርጎ አይጎትትም፤ በዚያ ላይ ፍጥነት በየቦታው ተገድቧል። ጭነቱ በጋላፊ ድንበር በኩል በተሳቢ መኪና ሄደ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2008 አካባቢ ቆመ፤ ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውም ብዙ አልቆየም። በ1897 የተቆጠበው ብረት ዕዳ ያኔ ነው ተጠቃልሎ የተጠየቀው።

በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፊ ሐዲድ ያለውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ አለው። እሱም ሚኤሶን ያልፋል፤ እሱም ደጋውን አይወጣም። ቡና ዛሬ የሚጫንበት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ገደማ ጆንያ ይይዛል፤ ከድሮው ፉርጎ ስሌት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የጭሮ ቡና ግን አሁን ወደ ሚኤሶ መውረድ አያስፈልገውም፤ በመኪና ተጭኖ በሂርና፣ በቁልቢና በደንገጎ አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። የሚወርድበት ቁልቁለትም ባቡሩ በ1902 አቅቶት ከግርጌው የቆመበት ያው አፋፍ ነው።